አሥራ አምስት ደቂቃ

ስድስት ሰዓት ሲሆን ድሬ ትጋደማለች፣
ሱቋን ገርበብ አርጋ ፀሐይ ታሳልፋለች፤
ከዚራ በዛፉ፣ መጋላ በጥላው፣
ከባጃጁ ነጂ እግሩ ነው የሚታየው።

ሰርቨሩ ግን አይተኛም። መስኮት በሌለው ክፍል
የማሽን ብርድ ለብሶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል፤
አሥራ አምስት ደቂቃ ማንም ካልነካካው
ሰው የለም ብሎ ነው በሩን የሚዘጋው።
ጸሐፊዋ ብትጽፍ ጣቷን አይሰማም፤
«መዝግብ» ካላለችው መኖሯን አያምንም።
ብርድ አገር ያደገ ነው፤
ዝም ያለ ሁሉ የሄደ ይመስለዋል።

እኔ ጠባቂው ነኝ፤ ስሜን ብዙ ሰው አያውቅም፣
«የኮምፒውተሩ ልጅ» ነኝ፤ ካልተበላሸ አልጠራም።
ማክሰኞ ከገንደ ቆሬ ስልክ ተደወለ፤
ነጂሃ ናት፣ ከልደት መዝገብ፦ «ና፣ ይኸው ደግሞ ጣለ!
ሦስቴ በገባሁበት ሦስቴ ደጅ አቆመኝ፤
ሰውዬው አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አስወጣኝ።»

የደቻቱን ደረቅ አሸዋ በእግሬ ተሻገርኩ።
አዴር ሮብሌ ከወንበሩ ጫፍ፣ በትራቸውን ታቅፈው፣
በሰባ ምናምን ዓመታቸው ልደታቸውን ሊያስመዘግቡ።
«የአያት ስም?» ብላ ነበር ነጂሃ፤
ጥፋቷ ይኸው ነው።

«ዋይስ» ይላሉ፤ ዝም። የዋይስ ግመሎች እስኪያልፉ።
«ቡህ» ይላሉ፤ ሳል።
«ኤጌ» ላይ ውኃ ጠጡ።
«ረያሌ» ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር፤ የጉድጓዱንም ስም ነገሩን።
«ኦብሲየ» ሲሉ ስክሪኑ ነጣ፦
«ጊዜዎ አልቋል። እባክዎ እንደገና ይግቡ።»

«አዴሮ፣ ከኦብሲየ ይቀጥሉ» አልኳቸው።
ሳቁ።
«ሰው ከመሃል አይወለድም፤ ከራሴ ነው የምጀምረው።»

አሥራ አምስትን የጻፈው ሰው ሞኝ አልነበረም።
አምና አንድ እኩለ ቀን፣ ክፍት በተተወ ወንበር፣
ሌላ እጅ በሌላ ስም ገብቶ
ለአንድ ሟች ልጅ ወለደለት። ወራሽ።
የጀጎልም በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር ይባላል፤
በረኛው ግን ሰው ነው፣ መንገዱን አሻግሮ ያያል፣
አቧራ ካየ ይጠብቃል።

ማታ ፋይሉን ከፈትኩት። አንድ መስመር፣ ሁለት አሃዝ።
ስልሳ ብዬ ጻፍኩ፤ ሌባው ትዝ አለኝ፣ አጠፋሁ።
ሃያ። የአዴር ሮብሌ ሳል ትዝ አለኝ፣ አጠፋሁ።
ሰው ዝም ካለ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው የሄደው?
አባቴ፣ አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ዩኒፎርሙን ተኩሶ
ጠዋት ጠዋት ለገሃር ይሄድ ነበር፤
ማንም አላስወጣውም።

አርባ አልኩት።
አርባው ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው
አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ እንድትል አደረግኩ።
«ጊዜዎ ሊያልቅ ነው» ትል ነበር፤
የሐኪም ቃል መሰለኝና ሰረዝኩት።
ጎረቤት ሲጠፋብን በአጥር ላይ እንደምንለው ጻፍኩ፦
«አሉ?»
ከሥሯም አንድ አዝራር፦ «አለሁ።»

ቁጥሩ እንዲይዝ ሰርቨሩ ጠፍቶ መነሳት አለበት።
በስድስት ሰዓት አጠፋሁት፤
ለአንድ ደቂቃ ያህል
እሱም ከድሬ ጋር ተኛ።

ሐሙስ አዴር ሮብሌ ተመልሰው መጡ፣
ዋይስ ብለው፣ ቡህ ብለው፣ ውኃቸውን ጠጡ።
መስኮቷ ብቅ ስትል ነጂሃ እጇን ሰደደች።
«ምን አለ?» አሉ።
«አሉ ወይ ይላል፣ አዴሮ።»
ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት፣
ሰላምታ እንዳቀረበ እንግዳ ልጅ።
«ንገሪው» አሉ፣
«ገና ረያሌ ጉድጓድ አጠገብ ነን።»